ቪዲዮን ለፍለጋ ማመቻቸት

ቪዲዮን ለፍለጋ ማመቻቸት በኢንተርኔት የተጫነ ቪዲዮ ለሚፈልገው ሰው በፍለጋ ውጤት ላይ እንዲወጣ ርዕሱን፣ መግለጫውን፣ ታጎቹን እና አብረውት የሚቀመጡ ሌሎች ጽሑፎችን የማዘጋጀት ሥራ ነው። ለድረ ገጾች የሚደረገው የፍለጋ ማመቻቸት (ኤስ ኢ ኦ) አንዱ ዘርፍ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዩቲዩብ ጋር ተያይዞ ነው። ቪዲዮውን የሚያጅቡት እነዚህ ጽሑፎች በጥቅሉ ሜታዳታ ይባላሉ፤ ይህም «ስለ መረጃ የሚሰጥ መረጃ» እንደ ማለት ነው።

ሜታዳታ ሁለት አንባቢዎች አሉት። አንደኛው ቪዲዮውን ከፈላጊው ጥያቄ ጋር የሚያዛምደው ፕሮግራም ነው። ሁለተኛው ከቀረቡለት ውጤቶች አንዱን የሚመርጠው ሰው ነው። ለፕሮግራሙ ብቻ የተጻፈ ርዕስ ሰው የማይከፍተው የቃላት ክምር ይሆናል፤ ለሰው ብቻ የተጻፈ ደግሞ ጨርሶ ሳይገኝ ሊቀር ይችላል። በአማርኛ ቪዲዮዎች ላይ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፦ አንድ ቃል በብዙ ዓይነት ፊደል ስለሚጻፍ፣ ጫኚውና ፈላጊው ስለ አንድ ነገር እያሰቡ ላይገናኙ ይችላሉ።

## አስፈላጊነቱ

ጽሑፍ የያዘ ድረ ገጽ ስለ ምን እንደሆነ በራሱ ቃላት ይናገራል። ቪዲዮ ግን ምስልና ድምፅ ነው። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩና ምስልን የሚለዩ ፕሮግራሞች ቢኖሩም፣ ሥራቸው ከቋንቋ ቋንቋ እኩል አይደለም። በዚህም ምክንያት ባለቤቱ በራሱ እጅ የጻፋቸው ቃላት ዛሬም ዋና ፍንጭ ናቸው።

ነገሩ ከዩቲዩብ የመጀመሪያው ቪዲዮ ጀምሮ ይታያል። ከድርጅቱ መሥራቾች አንዱ ጃዌድ ካሪም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2005 የጫነው ይህ የ19 ሰከንድ ቪዲዮ በሳን ዲዬጎ የአራዊት ማቆያ ከዝሆኖች ፊት ቆሞ ስለ ረጅም ኩምቢያቸው ሲናገር ያሳያል። ርዕሱ ግን «እኔ በአራዊት ማቆያው» የሚል ትርጉም ያለው አጭር ሐረግ ነው። «ዝሆን» የሚለው ቃል በርዕሱ ውስጥ የለም። ቪዲዮው በታሪካዊነቱ ስለታወቀ ችግር አልገጠመውም፤ ማንም የማያውቀው ሰው ስለ ዝሆን ያዘጋጀው ትምህርት ግን በእንዲህ ያለ ርዕስ ዝሆንን በሚፈልጉ ሰዎች ዘንድ ለመገኘት ይቸገራል።

## ታሪክ

ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2005 በቻድ ሃርሊ፣ በስቲቭ ቼን እና በጃዌድ ካሪም ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2006 ጉግል በ1.65 ቢሊዮን ዶላር አክሲዮን እንደሚገዛው አስታወቀ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታጎች በቪዲዮው ገጽ ላይ ለማንም ይታዩ ነበር። ስለዚህ የታዋቂ ቪዲዮ ታጎችን ገልብጦ በራስ ቪዲዮ ላይ መለጠፍ ቀላል ዘዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ታጎች ከተመልካች ዕይታ ተነሡ።

በድረ ገጾች ዓለም ተመሳሳይ ለውጥ ቀደም ብሎ ተከስቷል። ጉግል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2009 የድረ ገጽ ባለቤቶች በገጹ ኮድ ውስጥ የሚደብቋቸውን የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ለደረጃ አሰጣጥ እንደማይጠቀምበት በይፋ ገልጿል። ምክንያቱ አንድ ነው፦ አንባቢ የማያየው የቃላት ዝርዝር ያለ አግባብ ለመጠቀም የተመቸ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012 ነው። ዩቲዩብ የፍለጋ ውጤቶችን ሲደረድር ቪዲዮው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ከማየት ይልቅ ተመልካች ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ የበለጠ ክብደት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ ሰውን አስከፍቶ ወዲያው የሚያስመልስ ርዕስ ጥቅሙ ቀንሷል።

## የፍለጋው አሠራር

ዩቲዩብ የፍለጋ ውጤቶችን ሲደረድር ሦስት ነገሮችን እንደሚመለከት ይገልጻል።

* አግባብነት፦ ርዕሱ፣ ታጎቹ፣ መግለጫውና የቪዲዮው ይዘት ከተፈለገው ቃል ጋር ምን ያህል ይዛመዳሉ?
* የተመልካች ተሳትፎ፦ በዚያው ቃል ፈልገው የመጡ ሰዎች ቪዲዮውን ምን ያህል ጊዜ ተመለከቱ?
* ጥራት፦ ቻናሉ በጉዳዩ ላይ ዕውቀትና ተአማኒነት እንዳለው የሚያመለክቱ ምልክቶች አሉ?

በተጨማሪም የፈላጊው የቀድሞ የፍለጋና የዕይታ ታሪክ ውጤቱን ሊለውጠው ይችላል። ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ጽፈው የተለያየ ዝርዝር የሚያዩት ለዚህ ነው።

ከነዚህ ውስጥ ሜታዳታ በቀጥታ የሚሠራው በመጀመሪያው ላይ ነው። ቃላቱ ቪዲዮውን ወደ ዕጩዎቹ ዝርዝር ያስገቡታል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሚያቆየው ግን የተመልካቹ ባህርይ ነው።

## ርዕስ

በዩቲዩብ የርዕስ ወሰን 100 ፊደል ነው። በስልክ ስክሪንና በፍለጋ ዝርዝር ላይ ረጅም ርዕስ መጨረሻው ስለሚቆረጥ፣ ዋናው ቃል መጀመሪያ አካባቢ እንዲሆን ይመከራል። የግዕዝ ፊደል በዚህ ረገድ ይጠቅማል። አንዱ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ «ቡና» 2 ፊደል ብቻ ሲሆን በላቲን ሲጻፍ 4 ይሆናል።

ጥሩ ርዕስ ፈላጊው የሚጽፈውን ቃል ይይዛል፣ ቪዲዮው ከሌሎች በምን እንደሚለይ ይናገራል፣ በቪዲዮው ውስጥ የሌለ ነገር አይጨምርም። ለምሳሌ አንድ መምህር ክፍልፋይ መደመርን የሚያስተምር ቪዲዮ ቢጭን፦

* «ትምህርት ክፍል 3» የሚለው ርዕስ ስለ ትምህርቱ ይዘት ምንም አይናገርም። «ክፍል» የሚለው ቃልም የተከታታይ ክፍል ይሁን የትምህርት ቤት ክፍል አይለይም።
* «ምርጥ ሒሳብ ሒሳብ ትምህርት ሒሳብ በአማርኛ» የሚለው ለፕሮግራም ብቻ የተጻፈ ነው።
* «የተለያየ ታህት ያላቸውን ክፍልፋዮች መደመር፦ የ5ኛ ክፍል ሒሳብ» የሚለው ግን ጉዳዩን፣ ደረጃውንና የትምህርቱን ዓይነት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገልጻል።

በተከታታይ ቪዲዮዎች ላይ የቻናሉን ወይም የዝግጅቱን ስም ከፊት ማስቀመጥ የተለመደ ቢሆንም፣ ቻናሉን የማያውቅ ፈላጊ የሚጽፈው የጉዳዩን ስም ነው። ስለዚህ የዝግጅቱ ስም ከጉዳዩ በኋላ ቢመጣ ይመረጣል።

## መግለጫ

መግለጫ እስከ 5000 ፊደል ሊይዝ ይችላል። በዩቲዩብ የፕሮግራመሮች መመሪያ ወሰኑ በፊደል ሳይሆን በባይት የተቀመጠ ሲሆን እሱም 5000 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩ ቲ ኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ 5000 ባይት የሚበቃው ለ1666 ያህል የግዕዝ ፊደላት ነው። በሌላ ፕሮግራም በኩል ቪዲዮ የሚጭኑ የአማርኛ አዘጋጆች ይህን ማወቅ ይጠቅማቸዋል።

ከመግለጫው ለተመልካች መጀመሪያ የሚታዩት ጥቂት መስመሮች ብቻ ናቸው፤ ቀሪው ሲነካ ይከፈታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች የቪዲዮውን ይዘት በተለመደ ንግግር ቢገልጹ ይመረጣል። ከላይ ለተጠቀሰው ትምህርት «ይህ ቪዲዮ ታህታቸው የተለያየ ሁለት ክፍልፋዮች እንዴት እንደሚደመሩ ያሳያል። የጋራ ታህት ማግኘትን በ4 ምሳሌዎች ያብራራል» ማለት ይበቃል። የማኅበራዊ ሚዲያ አድራሻዎችና የምስጋና ቃላት ከዚያ በታች ሊከተሉ ይችላሉ።

መግለጫ ርዕሱ ያልያዛቸውን ተዛማጅ ቃላትም በተፈጥሯዊ ዐረፍተ ነገር ሊያስገባ ይችላል። በመግለጫ ውስጥ የታግ ቃላትን በጅምላ መደርደር ግን ዩቲዩብ በአይፈለጌና አታላይ ይዘት ደንቡ የከለከለው ነው።

በመግለጫ ውስጥ የጊዜ ምልክቶችን መጻፍ ቪዲዮውን በምዕራፎች ይከፍለዋል። ይህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በሜይ 2020 በይፋ ቀርቧል። ምዕራፎቹ እንዲሠሩ የመጀመሪያው ምልክት 0:00 መሆን፣ ቢያንስ 3 ምልክቶች በቅደም ተከተል መኖር፣ እያንዳንዱ ምዕራፍም ቢያንስ 10 ሰከንድ መርዘም አለበት። ለረጅም ትምህርትና ቃለ መጠይቅ ተመልካቹ የሚፈልገውን ቦታ ቶሎ እንዲያገኝ ይረዳል።

## ታግ እና ሃሽታግ

ታግ ቪዲዮው ሲጫን በተለየ ሣጥን ውስጥ የሚጻፍ መለያ ቃል ነው። የአንድ ቪዲዮ ታጎች በድምሩ ከ500 ፊደል አይበልጡም። ብዙ ጀማሪዎች ታግን የፍለጋ ዋና ቁልፍ አድርገው ያዩታል። ዩቲዩብ በራሱ መመሪያ የሚለው ግን ከዚህ ይለያል፦ ርዕስ፣ የሽፋን ምስልና መግለጫ ከታግ ይልቅ አስፈላጊ ናቸው፤ ታግ በተለይ የሚጠቅመው የቪዲዮው ጉዳይ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ፊደል የሚጻፍ ሲሆን ነው፤ ከዚያ ውጪ ሚናው አነስተኛ ነው።

ሃሽታግ ከታግ የተለየ ነው። በርዕስ ወይም በመግለጫ ውስጥ ከመስቀለኛ ምልክት ጋር ተያይዞ የሚጻፍ፣ ተመልካች የሚያየውና ሲነካው ተመሳሳይ ቪዲዮዎችን የሚከፍት ቃል ነው። በሃሽታግ ውስጥ ክፍት ቦታ ስለማይፈቀድ ሁለት ቃላት ተያይዘው ይጻፋሉ። ከመጠን በላይ ሃሽታግ ከተደረደረ ዩቲዩብ ሁሉንም ችላ ይላል።

## የአማርኛ ቪዲዮዎች ልዩ ጉዳዮች

### ሞክሼ ፊደላት

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው። በዩኒኮድ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ስለዚህ በአማርኛ ንባብ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው «ሀ፣ ሐ፣ ኀ»፣ «ሰ፣ ሠ»፣ «አ፣ ዐ» እና «ጸ፣ ፀ» ዝምድናቸው ላልተነገረው ፕሮግራም ፍጹም የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

«ሒሳብ» እና «ሂሳብ»፣ «ሠርግ» እና «ሰርግ»፣ «ዓለም» እና «አለም» የዕለት ተዕለት ምሳሌዎች ናቸው። «ሥነ ሥርዓት» የሚለው ሐረግ «ሥ» ወይም «ስ» በሁለት ቦታ፣ «ዓ» ወይም «አ» በአንድ ቦታ እየተቀያየሩ ብቻ በ8 መንገድ ይጻፋል። «ፀሐይ» ደግሞ በመጀመሪያው ፊደል 2፣ በሁለተኛው ፊደል 6 አማራጭ (ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃ) ስላለው በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። በአማርኛ የመረጃ ፍለጋ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ፊደል መመለስን ከመጀመሪያዎቹ የሥራ ደረጃዎች እንደ አንዱ የሚቆጥሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ለአብዛኞቹ የእንግሊዝኛ ቪዲዮዎች ጥቅሙ ትንሽ የሆነው ታግ ለአማርኛ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። በርዕሱ አንዱን አጻጻፍ መርጦ መያዝ፣ ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበትን ሌላ አጻጻፍ ደግሞ በታግ ማስገባት ርዕሱን ሳያበላሽ ሁለቱንም ፈላጊዎች ለማግኘት ይረዳል። ሁሉንም 12 አጻጻፎች መደርደር አያስፈልግም። ቃሉን በሁለት ዓይነት ፊደል ፈልጎ የሚመጡትን ውጤቶች ማነጻጸር የትኛው ልዩነት በተግባር እንደሚያሳስብ ያሳያል።

### ቅጥያዎችና የተጣመሩ ቃላት

በአማርኛ «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» እና የመሳሰሉት ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ። «ቡና»፣ «የቡና»፣ «ቡናን» እና «በቡናው» ቃላትን በማይተነትን ፕሮግራም ዘንድ አራት ቃላት ናቸው። ስለዚህ ዋናው ቃል ያለ ቅጥያ ቢያንስ አንድ ጊዜ በርዕስ ወይም በመግለጫ ቢገኝ ጥሩ ነው። «ድረ ገጽ» እና «ድረገጽ»፣ «ቤተ ክርስቲያን» እና «ቤተክርስቲያን» የመሳሰሉት ተነጣጥለውም ተያይዘውም ይጻፋሉ። ከውጭ የመጡ ቃላትም እንደዚሁ አንድ ወጥ አይደሉም፤ «ኮምፒውተር» እና «ኮምፒዩተር»፣ «ቪዲዮ» እና «ቪድዮ» ጎን ለጎን ይሠራባቸዋል።

### አማርኛ በላቲን ፊደል

በስልካቸው ላይ የግዕዝ መጻፊያ የሌላቸው ሰዎች፣ እንዲሁም በአሜሪካና በአውሮፓ ያደጉ፣ አማርኛ የሚሰሙ ነገር ግን ፊደል ያልለመዱ ወጣቶች ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል ይፈልጋሉ። በዚህ አጻጻፍ ወጥ ደንብ የለም። «እንጀራ» በ«አይ» ወይም በ«ኢ» ፊደል ይጀመራል፤ «ቀ» አንዳንዴ በ«ኬ» አንዳንዴ በ«ኪው» ይወከላል፤ የሚጠብቅ ድምፅ አንዱ በነጠላ ሌላው በድርብ ይጽፈዋል። የተለመደውን አንድ የላቲን አጻጻፍ በመግለጫው፣ ሌሎቹን በታግ ማስገባት ይቻላል። ዩቲዩብ ለአንድ ቪዲዮ በተለያዩ ቋንቋዎች ርዕስና መግለጫ ለማስገባት ስለሚፈቅድ፣ አንዱን ርዕስ በሁለት ቋንቋ ከማጨናነቅ ይልቅ የእንግሊዝኛውን ትርጉም ለብቻው መጻፍ ይቻላል።

### የዘመን አቆጣጠር

ዓመትን በርዕስ መጥቀስ ፈላጊው አዲሱን ከአሮጌው እንዲለይ ያስችለዋል። ይሁንና «የ2016 እንቁጣጣሽ» የሚል ርዕስ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ በዓሉ የተከበረው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ነው። ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር የሚረዳ ሰው የቆየ ቪዲዮ መስሎት ሊያልፈው ይችላል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መለየት፣ ሌላኛውን ዓመት ደግሞ በመግለጫው መጥቀስ ይህን ያስቀራል።

## አሳሳች ርዕስ

በቪዲዮው ውስጥ የሌለ ነገር የሚናገር ርዕስ፣ መግለጫ፣ ታግ ወይም የሽፋን ምስል አሳሳች ሜታዳታ ይባላል። በሕይወት ያለን ሰው «አረፈ» ማለት፣ የቆየን ወሬ «ሰበር ዜና» ብሎ መጫን፣ ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ የታዋቂ ሰው ስም በታግ ማስገባት ምሳሌዎቹ ናቸው። ጉዳቱ በሦስት ወገን ነው። ተመልካቹ የተሳሳተ መረጃ ይዞ ይቀራል፤ ብዙ ሰው ርዕሱን ብቻ አንብቦ ቪዲዮውን ሳይከፍት ያልፋልና ማስተባበያው ቪዲዮው ውስጥ ቢኖርም አይደርሰውም። ስሙ የተነሣው ሰውና ቤተሰቡ ይጎዳሉ። በትክክል ስለ ጉዳዩ የተሠራ ቪዲዮ ደግሞ በውጤቶቹ መካከል ይቀበራል።

የዕይታ ጊዜ መለኪያ ችግሩን በከፊል ብቻ ይፈታል። ተመልካች ቶሎ የሚተወው ቪዲዮ ወደ ታች ይወርዳል፤ የተባለውን ነገር እስከ መጨረሻው እያንጠለጠለ የሚያቆይ ቪዲዮ ግን በዚህ መለኪያ ብቻ አይያዝም። ዩቲዩብ ተመልካቾችን በአጫጭር መጠይቆች ስለ እርካታቸው መጠየቁ ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። አሳሳች ሜታዳታ በድርጅቱ ደንብም የተከለከለ ነው። ደንብ የጣሰ ቻናል መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይችላል፤ በ90 ቀናት ውስጥ 3 የቅጣት ምልክቶች ከተመዘገቡበት ሊዘጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ዩቲዩብ ርዕሳቸው ወይም የሽፋን ምስላቸው በቪዲዮው የሌለ ነገር ቃል በሚገቡ፣ በተለይም በሰበር ዜናና በወቅታዊ ጉዳዮች ላይ በሚሠሩ ቪዲዮዎች ላይ ቁጥጥሩን እንደሚያጠብቅና ይህንንም ከህንድ እንደሚጀምር አስታውቋል።

## ቃላትን መምረጥና ውጤቱን መለካት

ሰዎች የሚጽፉትን ቃል ለማወቅ ቀላሉ መንገድ በፍለጋ ሣጥኑ ውስጥ የቃሉን መጀመሪያ ጽፎ የሚመጡትን ጥቆማዎች ማየት ነው። ጉግል ትሬንድስ የተሰኘው ነፃ አገልግሎትም በዩቲዩብ የተደረጉ ፍለጋዎችን ለይቶ ለማነጻጸር ያስችላል።

ቪዲዮው ከተጫነ በኋላ የዩቲዩብ ስቱዲዮ ስታቲስቲክስ ተመልካቾች ከየት እንደመጡ፣ በፍለጋ የመጡት ደግሞ በየትኛው ቃል እንደመጡ ያሳያል። ባለቤቱ ያላሰበው ቃል በዝርዝሩ ከተገኘ መግለጫውን በዚያ ማሻሻል ይቻላል። ርዕስና መግለጫ ከተጫኑ በኋላም መለወጥ ይችላሉ። ሌላው መለኪያ ቪዲዮው ከታያቸው ሰዎች ስንት በመቶው እንደከፈቱት ነው። እንደ ዩቲዩብ ገለጻ በግማሾቹ ቻናሎችና ቪዲዮዎች ላይ ይህ መጠን ከ2 እስከ 10 በመቶ መካከል ነው። የከፈቱት ብዙ ሆነው ቶሎ የሚወጡ ከሆነ ርዕሱ ከይዘቱ በላይ ቃል ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የከፈቱት ጥቂት ሆነው የሚቆዩ ከሆነ ደግሞ ርዕሱ ወይም የሽፋን ምስሉ ይዘቱን በበቂ አልገለጸም ማለት ሊሆን ይችላል።

## ከዩቲዩብ ውጪ

በራሳቸው ድረ ገጽ ቪዲዮ የሚያወጡ ተቋማት ለፍለጋ ሞተሮች መረጃ የሚሰጡት በገጹ ኮድ ውስጥ በሚጻፍ የተደራጀ መግለጫ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው የጋራ መዝገበ ቃላት፣ ስኪማ ዶት ኦርግ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2011 በጉግል፣ በቢንግና በያሁ ትብብር ተጀምሯል። በእሱ አማካይነት የቪዲዮው ርዕስ፣ መግለጫ፣ የሽፋን ምስል አድራሻና የተጫነበት ቀን ለፕሮግራሙ በግልጽ ይነገራሉ።

## ወሰኑ

ሜታዳታ ቪዲዮውን አይለውጠውም። ማንም በማይፈልገው ጉዳይ ላይ ፍለጋ አይፈጥርም፤ ድምፁ የማይሰማ ትምህርትንም ተመልካች እንዲጨርሰው አያደርግም። በተጨማሪም ብዙ ቪዲዮዎች በዋናነት የሚታዩት በፍለጋ ሳይሆን ዩቲዩብ በመነሻ ገጹና ከሌሎች ቪዲዮዎች ጎን በሚያቀርባቸው ጥቆማዎች አማካይነት ነው። ፍለጋ ይበልጥ የሚያገለግለው ሰዎች ጥያቄ ይዘው የሚመጡባቸውን ሥራዎች፣ ማለትም ትምህርትን፣ የምግብ አሠራርን፣ የጥገና ሥራንና የመሳሰሉትን ነው። እንዲህ ያለ ቪዲዮ በትክክለኛ ቃላት ከተሰየመ ከተጫነ ከረጅም ጊዜ በኋላም ጥያቄው ባለበት ሁሉ መገኘቱን ሊቀጥል ይችላል።